አፍ ሙሉ ምስማር

በየማለዳው የአባቷን የሶፋ ማልበሻ ሱቅ በር ትከፍታለች፣ ሽርጧን ታስራለች፣ ከጣሳው ትንንሽ ምስማር ቆንጥራ አፏ ውስጥ ትጨምራለች። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። አንዳንዱም «ኧረ በፈጣሪ፣ እንዳትውጪው!» ይላል። መልስ አትሰጥም፤ አፏ ሙሉ ነው።

ግራ እጇ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል። ምላሷ አንዱን ምስማር አዙሮ በአናቱ በኩል ወደ ከንፈሯ ያቀርበዋል። የመዶሻዋ ጫፍ መግነጢስ ስላለው ከከንፈሯ ይቀበለዋል። ከዚያ አንዴ ቀስ፣ አንዴ ጠንከር አድርጋ ትመታዋለች። አፍ፣ ቀስ፣ ጠንከር። አፍ፣ ቀስ፣ ጠንከር። ሶፋ የሚያለብስ ሰው ሦስተኛ እጅ ስላልተፈጠረለት አፉን ይዋሳል፤ ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ሲጀምሩ ሕፃን ነበረችና በሽምብራ ነበር ያለማመዷት። ሽምብራውን እየዋጠች ስላስቸገረች ቶሎ ወደ ምስማር ተዛወረች።

አባትና ልጅ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይሠራሉ። እሷ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፤ እሳቸው ከስፖንጁ ክምር ጀርባ፣ ከሬዲዮናቸው አጠገብ። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ «እናንተ ቤት ጠብ የሌለው አፋችሁ ባዶ ስለማይሆን ነው» ትላለች። ጠብ ግን አለ፤ የሚካሄደው በመዶሻ ነው። አባትየው ሲከፋቸው ጠንከር የሚለው ምት ይበረታል። ልጅ መልስ ካላት እሷም ታበረታለች። ደንበኛ ሥራው የደራ ይመስለዋል።

ማታ ማታ እሷ ሌላ ሥራ አላት። ጓደኞቿ «መዶሻ» የሚሏት በዚያኛው ሥራዋ ነው፤ ድራም ትመታለች። የባንዱ ስም «ማንም አይዘዘን» ይባላል። ጨዋታቸው ፓንክም ሜታልም ነው፤ ፈጣን፣ ሻካራና ጯሂ። ራሳቸውን አናርኪስት ይላሉ። አሳታሚ የላቸውም፣ ሥራ አስኪያጅ የላቸውም፣ መሪ የላቸውም። የሚጮኸው ድምፅ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነው። ቀን ቀን ለአራት ዓመት ልጆች እንቅልፍ የሚያስወስድ ዜማ የምታንጎራጉር ሴት፣ ማታ ማይክ ስትይዝ ግድግዳ ታስደነግጣለች። ጊታሩን የአውቶቡስ ሾፌር ይይዛል። ቤዝ ጊታሩን ደግሞ እጁ ሁልጊዜ ዱቄት የማያጣው ዳቦ ጋጋሪ።

አለቃ ስለሌላቸው አንድ ሕግ አላቸው። ማንኛውም ነገር የሚወሰነው ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ በአፋቸው «ይሁን» ሲሉ ነው። ዝምታ መስማማት አይደለም። በዚህ ሕግ የተነሣ የመጀመሪያው አልበማቸው ያለ ስም ወጣ። መምህርቷ ያቀረበችውን ስም ሾፌሩ እምቢ አለ፤ የሾፌሩን ጋጋሪው፤ የጋጋሪውን ሁሉም። ሽፋኑ ላይ በሚቀመጠው ሥዕልም አልተስማሙም። ስለዚህ ሽፋኑ ባዶ ነጭ ሆነ።

ልምምዱ በሱቁ ውስጥ ነው። ከዚህ በፊት ከሦስት ቦታ ተባረዋል። የመጨረሻው የሾፌሩ አክስት ቤት ነበር። አክስትየው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡና «ልጄ፣ ወይ እናንተ ልቀቁ፣ ወይ እኔ ልልቀቅላችሁ» አሉ። የሶፋው ሱቅ ግን እስከ ኮርኒሱ ስፖንጅና ጥጥ የተቆለለበት ነው፤ ድምፁን ይውጠዋል። ልብስ ሰፊዋ እንኳ የሚሰማኝ የሩቅ ነጎድጓድ ነው ብላለች።

አባትየው የፈቀዱት እያጉረመረሙ ነው።

«አለቃ የለም ትላላችሁ» አሏት አንድ ቀን፣ ምስማራቸውን ተፍተው። «ታዲያ የሱቁን ቁልፍ ማን ሰጣችሁ?»

«አንተ አባዬ።»

«እኔ ማነኝ?»

«የቤቱ ባለቤት።»

«አለቃ በይው እንጂ! ምላስሽ ላይ ምን ያዘሽ፣ ምስማር?»

አልበሙን የቀረጹትም እዚያው ነው። ሾፌሩ ማይኮች ተውሶ መጣ፣ ጋጋሪው ሽቦውን ዘረጋ። አባትየው በዚያ ቀን ሥራቸውን እንዲያቆሙ ተለመኑ።

«የጥርስ ሐኪሟ ወንበሮች ሰኞ ይወሰዳሉ» አሉ። «ሕመምተኛ ቆሞ ይጠብቅ እንዴ? እናንተ ጩኹ፣ እኔ ልሥራ።»

ከስፖንጁ ጀርባ ገብተው ሠሩ። ማይኮቹ ደግሞ ሁሉንም ሰሙ። ሲጫወቱ ማንም ልብ ያላለው የመዶሻ ድምፅ፣ በኋላ ሲያዳምጡት እያንዳንዱ ዘፈን ሥር ቁጭ ብሎ ተገኘ። ሾፌሩ ሊያጠፋው ሞክሮ አቃተው። ጋጋሪው እንደገና እንቅረጽ አለ፤ መምህርቷ ጉሮሮዬ አልቋል፣ አልስማማም አለች። መዶሻው ቀረ። ድራም መቺዋ ያን ቀን ቅጂውን ይዛ ወጣች። አንድ ነገር ሰምታ ነበር፤ ግን እርግጠኛ ለመሆን ብቻዋን ደግማ ልታዳምጠው ፈለገች።

አልበሙ ሲወጣ መጀመሪያ የጻፈው አንድ ጋዜጣ ነው። «ከእነ ዕቃው የተገለበጠ መደርደሪያ ቢዘፍን ይህን ይዘፍን ነበር» አለ። አራቱ ተሰብስበው ሲያነቡት እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ጋጋሪው በማስታወቂያችን ላይ እንለጥፈው አለ፤ ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ያለ ክርክር አራት «ይሁን» የተገኘበት የመጀመሪያው ሐሳብ ይህ ነበር። ቀጥሎ አንድ የጥበብ መጽሔት ስለ ባዶው ሽፋን ገጽ ሙሉ ጻፈ። ሽፋኑ «የዝምታ አመፅ፣ በስም ለመጠራት እምቢ ያለ ጥበብ» ነው ይላል።

«ስሙን እምቢ ያለውማ ሾፌሩ ነው» አለች መምህርቷ።

«አንቺ ያመጣሽውን ስም በአደባባይ ልናገረው?»

«ተናገረው፣ ነገ ልጆቼን በአውቶቡስህ አምጥቼ አሳፍርብሃለሁ። አርባ ናቸው።»

ሾፌሩ መጽሔቱን ወደ ጋጋሪው ገፋ።

ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሰው ደግሞ «ጎረቤቴ ቤቱን እያደሰ መስሎኝ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ» ብሎ ጻፈ። አባትየው ይህ ሲነበብላቸው አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች፣ እዚህ ቤት ማታ ማታ ምን ይካሄዳል ብለው ጠይቀዋቸዋል። ልጃቸውን ጠሯት።

«ስሚ እናቴ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ሶፋ ነው የማውቀው። ስለዚህ በማምነው ሰው እንዳኝ።»

የሚያምኑት ሰው በሬዲዮናቸው ውስጥ ነው። ዘወትር አርብ ከሰዓት አዳዲስ አልበም የሚተቹ ሽማግሌ አሉ፤ አድማጮቹ «ሰውዬው» ብቻ ይሏቸዋል። ሰውዬው ብዙ አያወሩም። አንድ ዘፈን ያስደምጣሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ፣ ከዚያ ካልወደዱት «ይበቃል»፣ ከወደዱት «ይደገም» ይላሉ። አባትየው ለስንት ዘመን በዚህ ፍርድ ተመርተው ካሴት ገዝተዋል፤ አንዴም አልተጸጸቱም።

«ይደገም ካለ ትቆያላችሁ» አሉ። «ይበቃል ካለ፣ ድራምሽን አውጥተሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ሌላ ቦታ ከሌለም...» ምስማራቸውን መልሰው ጎረሱ።

ሌላ ቦታ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ባንዱ ያለ ሱቁ ባንድ አይሆንም። እሷ ከአባቷ ሱቅ ውጭ ሆና ድራም በቅጡ መታ እንደማታውቅ፣ ያንን ግን እሷ ብቻ ታውቃለች።

«ሰውዬው እኮ እንደኛ ዓይነት ሙዚቃ ተችቶ አያውቅም» አለች።

«ይሄውልሽ፣ እኔም እንዳንቺ ዓይነት ልጅ አሳድጌ አላውቅም ነበር።»

አልበሙን ራሷ ወስዳ ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ለዘበኛው ሰጠች። ዘበኛው ባዶውን ሽፋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ማተሚያ ቤቱ ረሳው?» አሏት። «አይ፣ አልተስማማንም» አለች።

በሦስተኛው አርብ፣ የእነሱ ተራ እንደደረሰ ሬዲዮው በጠዋት አስታወቀ። ከሰዓት በኋላ ጋጋሪው ምድጃውን ለወንድሙ ትቶ መጣ። ሾፌሩ የዕረፍት ሰዓቱ ነበርና አውቶቡሱን ማዶ አቁሞ ገባ። መምህርቷ ልጆቿን ለወላጆቻቸው አስረክባ፣ ቀሚሷ ላይ የልጆች ቀለም እንደተለጠፈ ደረሰች። ሦስቱም ገና ባልለበሰ ሶፋ አጽም ላይ፣ ሞላው እየወጋቸው ተደርድረው ተቀመጡ። አባትና ልጅ ሥራ ላይ ናቸው። አፋቸው ሙሉ ነው።

ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ይህን አልበም ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት» አሉ። «አንዴ ለሥራዬ ብዬ። አንዴ ተናድጄ። ሦስተኛውን እነግራችኋለሁ።»

የመጀመሪያውን ዘፈን ጥቂት አስደመጡና «ይበቃል» አሉ። ሁለተኛውንም «ይበቃል»። ከስፖንጁ ጀርባ ያለው መዶሻ አንዴ ብቻ ጠንከር ብሎ መታ። ሾፌሩ ቆብ መሳይ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ መሰለ።

«ሦስተኛው ዘፈን 'አልታዘዝም' ይባላል» ቀጠሉ ሰውዬው። «ዘፋኟ ሃያ ጊዜ አልታዘዝም ትላለች፤ አምናታለሁ፣ ያዘዛት ካለም ያንን ድምፅ ሰምቶ ተጸጽቷል። አሁን ግን ዘፈኑን ተዉትና ከሥሩ ያለውን አዳምጡ። መዶሻ ነው። አንድ ሰው ምስማር እየመታ ነው። ቀስ፣ ጠንከር። ቀስ፣ ጠንከር። መጀመሪያ ስሰማ ስሕተት ነው ብዬ ነበር፤ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ግን ድራም መቺዋን ተመልከቱ። መዶሻው ሲዘገይ ትጠብቀዋለች። ሲነሣ ትነሣለች። ጊታሩ ቢሮጥ፣ ዘፋኟ ብትጮህ ግድ የላትም፤ የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ባንዱ አለቃ የለንም ብሏል፣ እኔ ምን አገባኝ። ይቺ ልጅ ግን ይህን መዶሻ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሦስተኛ ጊዜ ያዳመጥኩት ለዚህ ነው፤ ደስ ብሎኝ።»

ወረቀታቸው ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ይደገም።»

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጋጋሪው ብድግ ሲል ሞላው ጮኸ። መምህርቷ ሾፌሩን አቀፈችው። ከስፖንጁ ጀርባ ግን ምንም ድምፅ አልመጣም። መዶሻው ቆሟል።

ልጅ ዞር አለች። አባቷ መዶሻቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ቀርተዋል፤ ሬዲዮናቸው ውስጥ ራሳቸው እየመቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን የገዛ እጃቸውን ከውጭ ሆነው ሰምተውት አያውቁም። ከንፈራቸው ተገጥሟል። ዓይናቸው ግን እየሳቀ ነበር።

«ሐሳብ አለኝ» አለች መምህርቷ፣ የስብሰባ ድምፅ አውጥታ። «ባለመዶሻው አምስተኛው የባንዱ አባል ይሁኑ።»

«ይሁን» አለ ጋጋሪው።

«ይሁን» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ወደ ድራም መቺዋ ዞሩ። እሷም አፏ ሙሉ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... መዳፏ ላይ ተፋቻቸውና «ይሁን» አለች።

የቀሩት እሳቸው ናቸው። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ጋሼ፣ መነቅነቅ አይቆጠርም» አለ ሾፌሩ። «በአፍ ነው።»

አባትየው ምስማራቸውን ወደ ጣሳው መትፋት ጀመሩ። ቂው፣ ቂው፣ ቂው። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ብዙ ምስማር ጎርሰው የሚያውቁ አይመስልም፤ አያልቅም። የመጨረሻው ሲወድቅ አፋቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይሁን» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፦ «ግን መጨረሻው አካባቢ ትፈጥኛለሽ።»

«አንተ ነህ የፈጠንከው አባዬ! የሐኪሟ ወንበር ሊያልቅልህ ሲል ሁሌ ትፈጥናለህ።»

«እኔ?» አሉ፤ ወደ ሬዲዮው ጠጋ ብለው አዳመጡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ በጣታቸው ጣሳውን እየመቱ ቆጠሩ። «እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ትልቅ ዜና። «ሁላችሁም ስሙ፣ እውነቷን ነው።»

ዘፈኑ ሲያበቃ ሰውዬው በሬዲዮ፣ ባለመዶሻው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ይደውልልኝ አሉ። መምህርቷ ባንዱ ቃለ መጠይቅ ላለመስጠት የተስማማ መሆኑን አስታወሰቻቸው።

«እኔ መቼ ተስማማሁ?» አሉ አዲሱ አባል። ስልኩን ከልጃቸው ኪስ ራሳቸው አወጡት።

በሚቀጥለው አርብ ከሰዓት፣ ሰውዬው በሬዲዮ እንዲመቱ ስለጋበዟቸው፣ ሱቁ ዝግ ይሆናል። ሾፌሩ አባትየውን ከነመዶሻቸውና ከአንድ ያልለበሰ ወንበር ጋር በአውቶቡሱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ያደርሳቸዋል፤ ልጃቸው ምስማሩን ትይዛለች።