የፊንሐስ እግሮችና የሰማይ ውሳኔ

ፊንሐስ ዛካይ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በኢየሩሳሌም አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ፤ ግን አንድም ቀን መሪውን በገዛ ፈቃዴ አላዞርኩም ይላል። «መንገዱን የወሰነው ቢሮው ነው፤ ቢሮውን ያዘዘው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱን ያዘዘው ደግሞ ላይ ያለው ነው። የእኔ ሥራ ወንበር ማሞቅ ነበር።» አንድ ጊዜ የፖሊስ መኪና ገጭቶ፣ «ይሄ እኮ ዓለም ሳይፈጠር የተወሰነ ነው» ብሎ ቢከራከር፣ ፖሊሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ቅጣቱም አብሮ ተወስኗል» ብሎ ጽፎ ሰጠው። ፊንሐስ ተከፋ? ኧረ ወዲያ! በሕይወቱ የሚስማማለት ሰው ያገኘው ያን ቀን ብቻ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል።

እኛ ካፌ ውስጥ የማይስማማለት ዋነኛው ሰው ኦቫድያ ነው። ኦቫድያ ገበያ ውስጥ ወይራ ይሸጣል፤ የጨው ውሃው ሽታ ከልብሱ ስለማይለቅ የሰፈሩ ድመቶች በሙሉ እስከ ምኩራብ ደጃፍ አጅበውት ይሄዳሉ። ከፊንሐስ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ሁለቱ ናና ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ቀሪዎቻችን ወንበራችንን እናስጠጋለን።

«እስቲ ወይራ ከዛፉ ቀጥፈህ ብላ» ይላል ኦቫድያ። «ምላስህን ይነቅልልሃል። ፈጣሪ ማጣፈጥ አቅቶት ነው? የምንሠራው እንዲኖረን ትቶልን ነው እንጂ! ሰው የተፈጠረው የተተወለትን ሊጨርስ ነው። መጨረስም ይችላል፣ መተውም ይችላል። ካልቻለማ ትእዛዝ ምን ያደርግለታል? ድንጋይን አትስረቅ የሚል አለ?»

«ወይራውን ጨው ውስጥ እንደምትነክረው ያኔውኑ ተወስኗል» ይላል ፊንሐስ።

«ጨው ማብዛቴስ?»

«እሱም።»

«እንግዲያ ደንበኞቼ እኔን ለምን ይሰድቡኛል?»

«ስድቡማ መጀመሪያ የተወሰነው ነው!»

ክርክሩ ሲከርር ፊንሐስ ማስረጃውን ያወጣል። ማስረጃው ግድግዳው ላይ የሚሰካው፣ መብራት በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋው የሰንበት ሰዓት ነው። «ዐርብ ከሰዓት አንድ ሰው የሰዓቱን ጥርሶች ያስተካክላል። ሰንበት ከገባ በኋላ ኤሌክትሪክ መንካት ክልክል ነው፤ ማንም ማብሪያ ሳይነካ ግን መብራቱ በጊዜው ይበራል፣ በጊዜው ይጠፋል። መብራቱን ብትጠይቁት ግን፣ ደስ ስላለኝ ነው የጠፋሁት ይላችኋል። እኛም እንደዚያው ነን።»

እንስቃለን። ብቻ እቤታቸው ያንን ሰዓት የምታስተካክለው ፊንሐስ ሳይሆን ሚስቱ ሐቢባ ነበረች።

ሐቢባ ከፋሲካ በኋላ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ናይማ፣ የኦቫድያ ሚስት፣ ዐርብ ዐርብ ጠዋት ደረጃው ላይ እየጠበቀች ትይዘዋለች። «ፊንሐስ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ከእኛ ጋር ብላ።»

«ከተወሰነልኝ እግሮቼ ያመጡኛል።»

«እግሮችህ መቼም የታወቁ ሰነፎች ናቸው!»

እግሮቹ አላመጡትም። ለእኛ የነገረን ስለ ውሳኔ ነው፤ እውነቱ ግን የሌላ ሰው ሚስት የሰንበት ሻማ ስትለኩስ ማየት ፈርቶ ነበር። ደግሞም ተጠጋግተው ቦታ የሚለቁለት ሰው መሆን አልፈለገም። ስለዚህ የተጠበሰ ዓሣ ከገበያ ገዝቶ ይመጣና ብቻውን ይቀመጣል። ዐርብ ማታ ባል ለሚስቱ የሚዘምረው መዝሙር አለ፤ እሱን ለማቀዝቀዣው ይዘምርለት ጀመር። እቤት ውስጥ አብሮት የሚያንጎራጉር ሌላ አልነበረማ።

የኢየሩሳሌም ክረምት ከነብርዱ ገባ፤ ፀሐይ በጊዜ መጥለቅ ጀመረች። ሐቢባ ያስተካከለችው ሰዓት ለበጋ ነበርና አሁን መለወጥ ነበረበት። ፊንሐስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ከግድግዳው ነቀለ፤ መነጽሩን ፈልጎ አጣ፤ በአውራ ጣቱ የሰዓቱን ጥርሶች አንዱን እያስገባ ሌላውን እያወጣ መልሶ ሰካው። ሙሉ በሙሉ ገልብጦታል። ቤቱ እሱ ሲተኛ እንደ ሠርግ ቤት ሊያበራ፣ ራት ሲበላ ሊጨልም ተዘጋጀ።

ከምኩራብ ሲመለስ የለኮሳቸው ሻማዎች፣ የርካሽ ነገር፣ አልቀው ጠበቁት። የወይኑን ጽዋ አነሣ፤ ለመባረክ አፉን ከፈተ፤ ሰዓቱ ጠቅ አለና ዓለም ጠፋ።

በጨለማ ባረከ። በጨለማ ጠጣ፤ ግማሹን ጢሙ ጠጣለት። ዓሣውን በእጁ ሲፈልግ ጨው ማስቀመጫውን አገኘ። በዚህ ላይ ከላይ ኦቫድያ መዘመር ጀመረ። ኦቫድያ ሲዘምር ገበያ ውስጥ የተቆለፉ ሱቆች ይከፈታሉ ይባላል። ጠረጴዛውን ሲደበድብ የጣሪያው ኖራ ፊንሐስ አናት ላይ ረገፈ። ልጆቹ ይቀበሉታል፤ ናይማ ትስቃለች።

«ተወስኗል» አለ ፊንሐስና ተቀመጠ።

ማን ነው የወሰነው? የሚለው ጥያቄ የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ወደ ሰማይ ሊልከው ሞከረ፤ ጥያቄው ግን ከአውራ ጣቱ ወዲያ አልሄድ አለ። አውራ ጣቱ ላይ የሰዓቱ ጥርስ ምልክት እስካሁን አልጠፋም ነበር።

እሺ፣ ይሁን፤ እግሮቼ ይውሰዱኝ ብሎ ጠበቀ። እግሮቹ ጠረጴዛው ሥር ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል።

«ሂዱ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው።

የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ለሰው ሲናገር ከተሰማ ስንት ጊዜው! ያን ያህል ወራት እሱ እግሮቹን ሲጠብቅ እግሮቹም እሱን ሲጠብቁ እንደኖሩ ያኔ ገባው። ተነሣ።

ሰንበት ስለሆነ የደረጃውን መብራት መጫን አይችልምና ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ደወሉንም መንካት አይችልም። በጣቱ አንኳኳ፤ መዝሙሩ ዋጠው። ደግሞ አንኳኳ፤ ማንም አልሰማም።

በኋላ ካፌ ውስጥ ሲነግረን፣ እዚህ ላይ ኦቫድያ እንኳ ሻዩን አስቀመጠ። ምክንያቱም መመለስ ይችል ነበር። ማንም አላየውም፤ ማንም አያውቅበትም። ቢሮ የለ፣ ማዘጋጃ ቤት የለ፤ ከኋላው የሚገፋው፣ ከፊቱ የሚስበው የለም። ሰማዩም ዝም ብሎ የሚጠብቀው መሰለው። «ሐቢባን ቀብሬ የተመለስኩ ዕለት እንኳ እንደዚያ ብቻዬን አልነበርኩም» አለን።

ከዚያ እንደ ፖሊስ በቡጢው በሩን ደበደበው።

መዝሙሩ ቀጥ አለ። «ማነው?» አለች ናይማ።

«ፊንሐስ። የታችኛው።» ሕንፃው በፊንሐስ የተሞላ ይመስል።

ኦቫድያ ከፈተ። አፉ ጫፍ ላይ ስድብ ተሰልፎ ነበር፤ የጓደኛውን ፊትና በጢሙ ላይ የሚንጠባጠበውን ወይን ሲያይ ግን አብዛኛውን ዋጠው። «እህ፣ እግሮችህ አመጡህ?» ብቻ አለ።

«እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣኋቸው።»

«መብራት ጠፍቶብህ ነው?» አለች ናይማ ከጠረጴዛው።

አዎ ብቻ ቢል ነገሩ ባለቀለት ነበር፤ በጨለማ ያሳበበን ሰው ማንም አይታዘበውም። ፊንሐስ ደፉ ላይ ቆመ።

«ጠፍቷል። ግን ለእሱ አይደለም የመጣሁት። ቤቱ ዝም አለብኝ።»

እንደዚያ ዓይነት ክርክር አሸንፎ ያልፎከረ ሰው ካፌያችን ታይቶ አያውቅም። ኦቫድያ ግን የራሱን ወንበር አንሥቶ ሰጠውና ከልጆቹ ጋር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ናይማ ትኩስ ኩቤ፣ ሥጋ የተሞላ የሊጥ ድብልብል፣ ከነመረቁ ቀዳችለት። ፊንሐስ በላ፤ አልተከራከረም፤ ሲዘምሩ ግን አፉን አልከፈተም። ሻማዎቹን አንድ ጊዜ አየና ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ሊወጣ ሲነሣ ናይማ፣ «ለሚመጣው ዐርብስ?» አለችው።

ፊንሐስ «ከተወሰነልኝ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«ምን ይዤ ልምጣ?»

«ከዓሣህ በቀር የፈለግከውን!» ብሎ ጮኸ ኦቫድያ፣ ልጆቹም ሳቁ።

በሩን ከፍተው ቆመው ሸኙት፤ ብርሃናቸው ግን ከደረጃው መታጠፊያ አላለፈም። ከዚያ በታች እጁ ግድግዳውን ሲዳብስ፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲስት፣ ደግሞ ሲስት ሰሙ። በመጨረሻ በሩ ተዘጋ። ናይማ ትንሽ ጆሮዋን ጥላ ቆየች፤ ከታች ምንም አልተሰማም፤ ቤቱ እሱ እንዳለው ዝም ብሏል።