ድልድዩ እስኪለይለት፦ ከጉለሌ እስከ ኮልፌ ማዶ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ጉለሌ

ፀሐይ ገና አልወጣችም። ባለቤቴ አስካለ የክት ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዛሬ መሬት ልንገዛ ነው! ስምንት ዓመት በኪራይ ኖረናል። እመት ድንቅነሽ የሚባሉ ባለርስት ከኮልፌ ማዶ ያለ መሬታቸውን ሸንሽነው ይሸጣሉ ሲባል ከሰማን ወዲህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ባልተሠራ ቤት መስኮት ስንከራከር ሰነበትን።

2 ሰዓት፣ ኮልፌ ገበያ

አውቶቡሱ ሲያወርደን ገበያው ደርቷል። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ የአቡጀዲ ጣቃ፣ ጎመን የተሸከሙ አህዮች። ትኩስ ሳምቡሳ በልተን ጋሪ ያዝን፤ ለሁለታችን ሽልንግ። ባለጋሪው ሸምሱ ፈረሱን በጉራግኛ ይቆጣል፣ እኛን በአማርኛ ያጫውታል። ወንዙ ዳር ሲደርስ ልጓሙን ሳበ።

«ከዚህ በእግር ነው ጋሼ። ይሄን ድልድይ አላምነውም።»

እውነቱን ነው። የክረምቱ ጎርፍ አንዱን የድንጋይ እግር ሸርሽሮታል፤ ግንዶቹ ወዳንድ ጎን ዘመም ብለዋል። ለመያዣ የተወጠረውን ገመድ ጨብጠን ተራ በተራ ተሻገርን፤ አስካለ ጫማዋን አውልቃ፣ እየሳቀች።

4 ሰዓት፣ ማዶ

እመት ድንቅነሽ ዣንጥላ ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሠራተኛቸው ችካል ይተክላል። ፊት ለፊታቸው የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሪ ቆመዋል።

«እሜቴ፣ ቤት ሠሪው ሁሉ ድንጋይና አሸዋ የሚያሻግረው በዚሁ ድልድይ ነው። ከተደረመሰ ገበያውም ሐኪም ቤቱም ቀረብን። ማዘጋጃ ቤት ይጠግነው ይዝጋው ገና አልታወቀም። እስኪታወቅ ሽንሸናው ይቁምልን።»

«ገዢዎቼ መጥተው!» አሉ እሜቴ ወደኛ እያመለከቱ።

የሐጂ ነገር ልክ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን መሬቱን አይቼዋለሁ፤ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ቦታ ነው። አፍሬ ችካሎቹን መቁጠር ያዝኩ።

ያኔ ከወዲያ ማዶ እልልታ ተሰማ። የሐጂ ምራት ሐኪም ቤት ወልዳ እየተመለሰች ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ እልልታው ቀጥ አለ። ባልየው ሕፃኗን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በሌላው እጁ ገመዱን ይዞ፣ እግሩን እየመጠነ ተራመደ። መሐል ላይ አንዱ ግንድ ሲንቋቋ እሜቴ ብድግ አሉ።

«እመ ብርሃን፣ አደራሽን!»

ተሻገረ። ቀስ ብላ እናቲቱም ተሻገረች። ከዚያ በኋላ እልልታውን ማን ያስቁመው! ሸምሱ እንኳ ከወዲያ ማዶ ጅራፉን እያጮኸ ይጨፍራል።

እሜቴ ሕፃኗን ተቀብለው ጥቂት አዩዋትና ወደ ሠራተኛቸው ዞሩ። «በል ችካሉን ንቀል። ድልድዩ እስኪለይለት አንዲት ክንድ መሬት አልሸጥም። ሐጂ፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት አብረን እንሄዳለን፤ እኔም እጮህልዎታለሁ።» ከዚያ እኛን፣ «እናንተስ ትታገሡኛላችሁ?»

አስካለ ቀደመችኝ። «ስምንት ዓመት የታገሥን ሰዎች ነን እሜቴ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔንም ቀለል አለኝ። ሐጂ ቤት ገብተን ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ገበታ ከበን፣ ቅቤ የተንጣለለበት የአራስ ገንፎ በላን። እሜቴ ሁለቴ አስጨመሩ።

11 ሰዓት፣ ጉለሌ

አከራያችን ወይዘሮ ተዋበች በር ላይ ጠበቁን።

«እህ? መሬቱን ገዛችሁ?»

«አልገዛንም» አለች አስካለ ፊቷ በርቶ፣ «ጎረቤቶቻችንን ግን አገኘናቸው።»