ያለ ዶማ አልሄድም

አባቴ ሽንት ቤት ገብቶ መነሳት ሲያቅተው አይጠራኝም ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን አይጽፍም፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የተከራየንበት ግቢ አምስት ቤት አለው፣ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት። እሱ ጉልበቱ አብጧል፣ ቁጢጥ ካለ አለቀ። ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ውጭ ሴቶቹ በጆግ ውሃ ይዘው ይጠብቃሉ። ሲቆይብኝ ገብቼ በብብቱ ይዤ አነሳዋለሁ፣ እሱም አንገቴን ያቅፋል። ሌላ ጊዜ አንነካካም። ብዙም አናወራም።

ከአገራችን ከኪራሙ ሸሽተን ስንወጣ አስረኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትምህርቱም እዚያው ቀረ። እናቴ ከዚያ በፊት ነው የሞተችው፣ መቃብሯ እዚያ ነው። አባቴ ከቤት ሙሉ እቃ ይዞ የወጣው አንድ ዶማ ነው። ዶማ! ሰው ብርድ ልብስ ይይዛል፣ ሰው ድስት ይይዛል።

ነቀምቴ ከገባን ጀምሮ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ በቃ። እኔ ጎሚስታ ቤት ጎማ ስፈታ ውዬ ስመጣ እዚያው ነው፣ ጥላው ብቻ ነው የዞረ። ሲብስበት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ኪኒን ገዝቼ አመጣለታለሁ፣ ይውጣል፣ ጨጓራው ይነድበታል፣ ከዚያ እኔን ይሰድባል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ለምርመራ ደም ሰጠ። ነርሷ ከእኔ ብዙ አትበልጥም፣ ግን ትዕግስት አላት።

«አባባ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብግነት አለ» አለችው። እንዳልገባው አየች። «አመድ ውስጥ የቀረ ፍም በሉት። ቁስል ቢሆን ነዶ ነዶ ይድናል። ይሄ ግን ዕድሜ ሲገፋና ሰው ሲቀመጥ ሳይነድም ሳይጠፋም ውስጥ ውስጡን ይበላል። ጡንቻ ሲሠራ ደግሞ ፍሙን የሚያበርድ ነገር ከራሱ ከጡንቻው ይወጣል። ኪኒኑን አያብዙ። በየቀኑ ቀስ እያሉ ግማሽ ሰዓት ይሂዱ።»

«ወዴት?» አላት።

«የትም። ዝም ብለው ሄደው ይመለሱ።»

«ዝም ብሎ የሚሄድ እብድ ነው፣ ልጄ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ይድናል?» አልኳት።

«ጎረምሳ አይሆኑም። እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል፣ ብቻቸውን መነሳት ይችሉ ይሆናል። ግን ጀምረው ካቆሙ ይመለሳል።»

ብቻውን መነሳት። እኔም የፈለግኩት ያንን ነበር።

በማግስቱ አስወጣሁት። የመንገዱ ጥግ ድረስ ሄደ። እዚያ የምትቀመጠው ጎመን ሻጭ «አባኮ፣ ኤሳ ዴምቱ?» አለችው፣ በኦሮምኛ አባቴ፣ ወዴት ነው ማለቷ ነው። እዚህ አገር እሱ ሰላምታ ነው፣ መልስ የሚጠብቅ የለም። አባቴ ግን ቀጥ አለ። ዞሮ ተመለሰ።

«ምን ልበላት? የትም ልበላት? ከቤት ያባረሩኝ ይመስላታል።»

«ገበያ በላት!»

«ባዶ እጄን?»

«ታዲያ ተቀመጥና ድረቅ!» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፣ ከእኔ ይቀድማል።

በነጋታው ዶማውን ከአልጋ ስር አወጣ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ጎመን ሻጯ ጠየቀችው፣ ዶማውን ነካ አደረገላትና አለፈ። ዶማ የያዘ ሰው የሚሄድበት አለው። ከዚያ በየቀኑ ሆነ። መጀመሪያ አስፋልቱ ድረስ፣ ቀጥሎ የከተማው ቤት እስኪያልቅ፣ በኋላ ገጠሩ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ገብቶ የሰው በቆሎ እስኪያይ። ጠዋት ጠዋት እግሩ እንደ እንጨት መድረቁ ቀነሰ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቶ ሳላነሳው ሊወጣ ምንም አልቀረውም፣ ተነስቶ ሊያበቃ ሲል ነው የያዝኩት።

እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ጎሚስታ ቤት አብሮኝ የሚሠራው «አንተ፣ ጃርሳው አባትህ አስፋልቱን ሊያርሰው ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላው ተቀበለ፣ «ኧረ ማዘጋጃ ቤት ቀጥሮት ነው፣ የአስፋልቱ ጉድጓድ ጠቦበት!» ሳቁ። እሱን እችለዋለሁ። ግን አንድ ባለ ፒካፕ ጎማ እያስነፋ «ያ ዶማ የያዘው ሽማግሌ የቀን ስንት ይላል? አጥር ላስቆፍረው» አለ። ሰውዬው የማን አባት እንደሆነ አያውቅም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ከሳቁ ይልቅ እሱ አቃጠለኝ። ያን ቀን ዶማውን ወስጄ ጎሚስታ ቤት አሮጌ ጎማ ውስጥ ደበቅኩት።

አልጋ ስር ፈለገ። በር ኋላ ፈለገ። «ዶማዬን አየኸው?»

«ሌባ ወስዶት ይሆናል።»

«ከተማ ውስጥ ዶማ የሚሰርቅ ማን ነው?» አለ። ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተመለሰ። ጉልበቱ ብዙ ሳይቆይ እንደ ድሮው ተነፋ።

አንድ እሁድ ጠዋት ጎረቤቶቻችን ለቸርች ሊወጡ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈዋል። አባቴ ውስጥ ነው። «አባኮ ደህና ናቸው?» አለችኝ አንዷ፣ ቀስ ብላ። አንኳኳሁ። ገባሁ። እጁ ግድግዳው ላይ ነው፣ አያየኝም። በብብቱ ያዝኩት። ሰውነቱ ቀሏል። አንገቴን አቅፎ ጆሮዬ ስር፣

«ዶማዬን አምጣልኝ» አለ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሮጬ ሄጄ አመጣሁት። የጎማው ጥቁር እጀታውን አቆሽሾታል፣ በሸሚዜ ጠረግኩት።

«ሌባው መለሰው?»

«መለሰው» አልኩ።

ይሄው ክረምቱ አልፎ መሄዱን አላቋረጠም። ጉልበቱ አልዳነም፣ ብርድ ሲሆን ያመዋል፣ ግን እብጠቱ ወርዷል። አንዳንዴ ዶማው ላይ እርጥብ አፈር አያለሁ። የማን ማሳ ላይ እንደዋለ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

መጀመሪያ ብቻውን የተነሳ ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። እጁ ግድግዳውን ሲፈትግ ሰማሁ፣ «እህህ» አለ፣ ከዚያ ተነሳ። ሲወጣ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

«ምን ትገተራለህ? ወረፋ ነው?» አለኝ፣ አልፎኝ ዶማውን ሊያነሳ ሄደ።

የፈለግኩት ያንን ነበር፣ ሆነልኝ። አሁን አንገቴን የሚይዝ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት እሱ ሲገባ ጥርሴን እየፋቅኩ በሩ አጠገብ እቆያለሁ፣ ምናልባት ቢጠራኝ።

አይጠራኝም።