ኮሪያ ሄድኩ ይሉ ነበር

እህቴ ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። ትጽፍበት የነበረው ደብተር አሁን እኔ ጋ ነው። ዘጠኝ ገጽ ተጽፎበታል፤ የቀረው ባዶ ነው። ባዶ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ላይ እንዳልሸሸው።

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ግማሹ ግንብ ግማሹ ቆርቆሮ በሆነ ቤት ነበር። አያቴ፣ እናቴ፣ እህቴ፣ የእናቴ ወንድምና እኔ። አያቴን አባባ እንላቸዋለን። ወጣት ሳሉ ወታደር ነበሩ። ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚህ ወደብ በመርከብ ተሳፍረው ኮሪያ ዘምተዋል። ሲመለሱም በዚሁ ወደብ ገቡ። ከውትድርናው ሲሰናበቱ እንደገና መጡና ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። እዚሁ ወለዱ፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ወረቀታቸውና ሜዳሊያቸው ሰፈሩ የተቃጠለ ጊዜ አብሮ ነደደ። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ከዚያ ወዲህ ኮሪያ የቀረችው አፋቸው ላይ ብቻ ነበር።

እህቴ መጻፍ የጀመረችው ከአንድ ቀብር በኋላ ነው። ከአባባ ጋር ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ሞቱና፣ እንደ ደንቡ መቃብሩ ዳር የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። አራት መስመር ነበር። የልጆቻቸው ቁጥር እንኳ ተሳስቷል። አባባ ቤት ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ፣

«ሰባ ዓመት ኖሮ አራት መስመር» አሉ። «እኔንስ ምን ትሉኝ ይሆን?»

እህቴ ማዕከላዊ ገበያ፣ የአንድ የመናዊ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው። በማግስቱ ስትመለስ ሰማያዊ ደብተር ይዛ መጣች።

«የእርስዎን የማነበው እኔ ነኝ» አለቻቸው። «አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

«ሳልሞት?»

«ሞተውማ ማን ይነግረኛል?»

ሳቁ። አባባ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

አርብ አርብ ሱቁ ስለሚዘጋ፣ ከምሳ በኋላ ማራገቢያው ሥር ቁጭ ይላሉ። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አንድ ገጽ ሲሞላ «አንብቢልኝ» ይሏታል። ያርሟታልም። አንዴ «ባሕሩን ስናይ ፈራን» ብላ አነበበች።

«ፈራን አላልኩሽም» አሉ። «ዝም አልን በይ።»

ደብተሩ ላይ አሁንም ይታያል፤ «ፈራን» ተሰርዞ «ዝም አልን» ይላል። ጾም ላይ ነበር የተሳፈሩት። መርከቡ ላይ እንቁላልና ሥጋ ሲቀርብላቸው፣ ጓደኛቸው ሳህኑን በቆቡ ሸፍኖ ሦስት ቀን ዳቦ ብቻ በላ። በአራተኛው ቀን አባባ ቆቡን ቢያነሱት ሳህኑ ባዶ ነው። ይህችን ሲናገሩ እህቴ እየሳቀች መጻፍ አቅቷት ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት እማር ነበር። በታሪክ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም… ቀናሁ። ድሮ ለእኔ ነበር የሚያወሩልኝ። አሁን ስመጣ «ቆይ፣ እየጻፍን ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን እህቴ ሥራ ሄዳ ደብተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያው መስመር «በ43 ዓመተ ምሕረት» ይላል። የታሪክ መጽሐፌ ደግሞ የኮሪያ ጦርነት የጀመረው በሃምሳ ነው ይላል።

እኛ ቤት በዓሉ የሐበሻ ነው፤ ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። የልደት ወረቀቴ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእናቴ ሥራ፣ ሁሉም በፈረንጅ ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ እንበላለን እንጂ ስንት ዓመት ሞላ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አላሰብኩትም። ምናልባት ማሰብ አልፈለግሁም።

በሚቀጥለው አርብ አጎቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጫት ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነው። አጎቴ የገዛ አባቱን «ጄኔራሉ» ነበር የሚላቸው። «ዛሬ ጄኔራሉ የት ደረሱ?» እያለ ከውጭ ይጠይቃል። አባባ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እህቴ ትጽፋለች። እኔ መጽሐፌን ገልጬ በመሃላቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ በአርባ ሦስት ኮሪያ ውስጥ ጦርነት አልነበረም።»

«ማነው ያለው?»

«መጽሐፉ። በሃምሳ ነው የጀመረው። በአርባ ሦስትማ ፈረንጆቹ ገና ከጀርመን ጋር ይዋጉ ነበር።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ዞረው አዩን። ከዚያ አጎቴ ጮኸ።

«ኧረ ጉድ! አባባ ሰባት ዓመት ቀድመው ደርሰዋላ!»

«ወረፋ ይዘው ነዋ!» አለ አንዱ ጓደኛው። «ጦርነቱ ሲከፈት የመጀመሪያው እሳቸው እንዲሆኑ!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አጎቴ «ፕሮፌሰር! ና እዚህ ቁጭ በል» ብሎ ትራሱን ለቀቀልኝ፤ የቀዘቀዘ ኮካም ሰጠኝ።

አባባ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «በሃምሳማ… በሃምሳማ እዚህ ባቡር ላይ ነበርኩ» አሉ። ደገሙት። በዚያን ዓመት መርሳት ጀምረው ነበር። ያን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ እህቴ ዞረው፣ መንገድ እንደጠፋበት እንግዳ፣

«አርባ ሦስት ነው ያልኩሽ? እኔ ነኝ ያልኩት?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«እንግዲያው ይቅር። አትጻፊው።»

እሑድ እህቴ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ጠይቃ መጣች። ከበሩ ሳትገባ ነው የነገረችኝ።

«አንተ ደንቆሮ። አርባ ሦስት የእኛ ነው። ስምንት ይደመርበታል። በፈረንጅ ሃምሳ አንድ፤ ጦርነቱ መሃል ነው የደረሱት።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ነገርኳቸው። ‹ውሸታም ያለኝ ይምጣና ይንገረኝ፤ ሰዎቹ ባሉበት› ነው ያሉኝ።»

አልሄድኩም። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፕሮፌሰር መባሉ ጣፈጠኝ። አርብ በመጣ ቁጥር የአጎቴ ጓደኞች ትራስ ይለቁልኛል። አባባ ማራገቢያው ሥር ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ዛሬ ይቅር፣ የሚመጣው አርብ እላቸዋለሁ እያልኩ ክረምትና በጋ አለፈ። እህቴ በየሳምንቱ «ሄድክ?» ትለኛለች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ከዚያ መጠየቅ ተወች።

በሙቀቱ ወራት፣ መብራት በጠፋበት አንድ ቀን፣ አባባ ሽንት ቤት በር ላይ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው ደነዘዘ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ያን ጊዜ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ማንም በሌለበት ሰዓት መርጬ። «ሃምሳ አንድ ነው አባባ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። የያዝኩት ደህነኛውን እጅ ነበር። ቀስ አድርገው አወጡት፣ አንሶላው ውስጥ ከተቱት።

በሳምንቱ ሞቱ።

እህቴ ዘጠኙን ገጽ አሳጥራ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ለአጎቴ ሰጠችው። ለቀብር የሚያነብ ወንድ ልጅ ነው ተብሎ እሷ ተከልክላ ነበር። አጎቴ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና የራሱን አነበበ። ስድስት መስመር። ስለ ውትድርናቸው እንዲህ ይል ነበር፤ «በወጣትነታቸው ኮሪያ ሄድኩ ይሉ ነበር።» ከኋላ አንድ ሰው ፈገግ ሲል አየሁት።

ከመቃብሩ ስንመለስ እህቴ አጠገቤ መጥታ፣ «‹ይሉ ነበር› የምትለዋ ያንተ ናት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ተጣልተን አልኖርንም። አብረን እንበላለን፣ ትቀልድብኛለች፣ ደመወዝ ስትቀበል ሸሚዝ ትገዛልኛለች። ደብተሩን ግን ሻንጣዋ ውስጥ ቆለፈችው። አንዴ «ላየው» ብላት «መጽሐፍህን እይ» አለችኝ። የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዬን ያለፍኩ ቀን ሁሉም ሲስመኝ እሷ ከጓዳ ብቅ ብላ «እንኳን ደስ አለህ፣ ፕሮፌሰር» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። በቂ ነበር።

ኩላሊቷ ነው የገደላት። ሠላሳ አልሞላትም። ሁለት ወር አላስቆያትም።

የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍ አሉኝ፣ የተማርክ ነህ ብለው። የሻንጣውን ቁልፍ እናቴ ሰጠችኝ። የጥምቀት ወረቀቷ ደብተሩ ውስጥ ነበር፤ በሐበሻ ዘመን የተጻፈ። ለማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት በፈረንጅ ያስፈልጋል ተባልኩ። ቁጭ ብዬ ስምንት ደመርኩ። እሷ በር ላይ ቆማ ያስተማረችኝን ድምር።

መቃብሩ ዳር አነበብኩ። የተወለደችበትን፣ የሠራችበትን። ቀጥዬም፣ «አያቷ በአርባ ሦስት፣ በፈረንጅ በሃምሳ አንድ፣ ከዚህ ወደብ ተሳፍረው ኮሪያ ዘምተዋል። ይህን እየጻፈች ነበር። ውሸት ነው ብዬ ያስቆምኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ካህኑ በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ የሟቿን አንብብ» አሉኝ።

ለቅሶ ቤት አጎቴ አጠገቤ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ ጥርሱ አልቋል። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እስቲ ደብተሩን» አለኝ።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዘጠኙንም ገጽ አነበበ። እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ሳቀ፣ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። የመጨረሻዋ መስመር «ከመርከቡ ስንወርድ መጀመሪያ ያየሁት» ትላለች። ገጹን ገለጠ። አንድ ሌላም ገለጠ።

«ታዲያ ምን አዩ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«አልነገሯትም?»

«ሊነግሯት ሲሉ እኔ ገባሁ» አልኩት።