የሐኪሙ ምራቅ

አባቴ ካሳሁን የሥራ ዕድሜውን ሙሉ ሱሉልታ ውስጥ የከብት ሐኪም ነበር። አገሬው ግን ከመርፌው ይልቅ ምራቁን ያምናል። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔም እየሳቅኩ ነው ያደግሁት።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በደርግ ጊዜ ለሥራ እንደተመደበ ሊከትብ ኦቦ እውነቱ ግቢ ገባ። ኦቦ እውነቱ ቤተሰቡን የሚያኖሩት በአንዲት የፈረንጅ ላም ነበር፤ ጉራቲ ይሏታል። አባቴ ሲያያት ፈዝዞ ቀረ። «አቤት ግት! አቤት ቁመና! እንዲህ ያለች ላም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!» አለ። እዚህ አገር የሰው ከብት ያደነቀ «ከዓይን ያውጣት» ብሎ እንትፍ ይላል። እሱ ግን ከተሜ ነው፤ አድንቆ አድንቆ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውልቅ!

በማግስቱ ጉራቲ ዝናብ ያረሰረሰውን ማገጥ የሚሉትን ለምለም ሣር ስትግጥ አርፍዳ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋና ወደቀች። «ሐኪሙ በልቷት ነው! ቡዳ ነው!» ተባለ። አባቴ ሲደርስ መንደርተኛው ዱላውን ይዞ ቆሟል። ላሟ ከሞተች የኦቦ እውነቱ ቤት ይራባል፤ አባቴም ሱሉልታን አያያትም።

«እንትፍ በልባት!» አሉት ኦቦ እውነቱ።

«ኦቦ፣ ሆዷን የነፋው ማገጡ ነው። ልውጋትና አየሩ ይውጣ።»

«መጀመሪያ እንትፍ!»

ሞከረ። ከድንጋጤው የተነሣ አፉ ደርቆ ጠብታ ጠፋ። «ያ ዋቃ ኮ! አምላኬ! ይኸው፣ እምቢ አለ!» ብሎ ሰዉ ተንጫጫ። ይኼኔ የኦቦ እውነቱ ልጅ ጠጅቱ ከጓዳ ግማሽ ሎሚ ይዛ ሮጣ መጣችና አፉ ውስጥ ጨመቀችበት። ፊቱ ተጨማደደ፣ አፉ ሞላ፣ እንትፍ! በዚያው ቅጽበት በባለ ቱቦው መውጊያ ግራ ጎኗን ወጋት። ፉሽሽሽ! ሽታው መንደሩን በሙሉ አፍንጫ አስያዘ። ጉራቲ ተነሥታ ጭራዋን ስትወዘውዝ እልልታው ቀለጠ። መውጊያውን ልብ ያለው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለ ምራቅ ማን ከብቱን ያሳክም? ከጫንጮ ሳይቀር ላማቸውን እየነዱ መጡ። ክትባት ሲሆን ደግሞ ምላሱ እስኪጣበቅ በየከብቱ እንትፍ ሲል ይውላል! ሎሚ ከኪሱ አይጠፋም። ሎሚውን ኪሱ የምትጨምርለት ጠጅቱ ናት፤ እናቴ ማለት ናት። ማታ ቤት ሲገባ ግን ይማልልናል፦ «ማገጡ ነው እኮ! መውጊያው ነው ያዳናት!»

አምና ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለድኩ። የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪም ልጄን አየና «ምን የመሰለች ልጅ ናት!» ብሎ ሊወጣ ሲል፣ አባቴ በሩ ላይ ተገተረ።

«ዶክተር፣ እንትፍ በልባት።»

«አባዬ! ማገጡ ነው ስትለን አልኖርክም?» አልኩት፤ ሳቄ ስፌቴን ሊበጥሰው።

«ለላሟ ማገጡ ነው» አለ፣ ከኪሱ ሎሚ እያወጣ። «ይቺ ግን የልጅ ልጄ ናት።»