ጤነኛ ነው ብላችሁ ንገሯት

መዝገቡ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነፋስ ስልክ አካባቢ ከቆመው የድንጋይ አጥር ግማሹ የእሱ መዶሻ ያረፈበት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ክንዱ ብርቱ፣ ምላሱ ደግሞ ከክንዱ የባሰ ብርቱ ሰው ነው። ሚስቱን ተናኘወርቅን ከቤት ያስወጣትም በዚያው ምላሱ ነው። ልጅ አልወለደችለትም። ጠጅ ቤት የሚያገኛቸው ወዳጆቹ «መካን ታቅፈህ ልታረጅ ነው?» እያሉ ጎነታተሉት፤ እሱም የሰው ወሬ ሰምቶ አንድ ቀን «ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ» አላት። አልለመነችውም። ጓዟን ጠቅልላ ላፍቶ ወንድሟ ግቢ ገባች። በእሷ ቦታ ያመጣት ልጅ እግር ሴት ደግሞ ዓመት ሳትሞላ ጥላው ሄደች፤ ልጅም አልመጣ። መካኑ ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሰው ጤና እስካለው ድረስ ብቸኝነትን ነጻነት ነው እያለ ራሱን ያታልላል። መዝገቡም ዓመታትን እንዲሁ ገፋ። በኋላ ግን መዶሻ ሲያነሳ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር፤ ትራስ ካልደራረበም መተኛት አቃተው። ከተማ ወጥቶ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት አንድ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ ነው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቱ ተጫነ። የተጫነበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

«ልብህ ደክሟል» አለው ድሬሰሩ። «ከእንግዲህ ጨው አትቀምስም። ይቺ ኪኒን ለሽንት ነው፣ ይቺ ለልብ፤ ሳታቋርጥ ትውጣለህ። ለሚስትህ ንገራት፤ እግርህ ማበጥ አለማበጡን ጧት ጧት ትይልህ።»

«ሚስት የለኝም።»

ይህ ሲነገረው ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና አለና መዝገቡን እያየ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ መዝገቡ።

ድሬሰሩ ትንሽ አመነታ። «ይህ በሽታ ይዟቸው የትዳር ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ይሰነብታሉ ነው የሚለው። ብቻቸውን የሚኖሩት ግን ቶሎ ቶሎ ብሶባቸው ይመጣሉ። ሳይመጡ የሚቀሩም አሉ። የሚያይህ ሰው ካለ ቤትህ አስገባ ይልሃል።»

መዝገቡ የፈረንጅ ወግ ነው ብሎ ወጣ። ወግ አለመሆኑን ግን ኑሮው ራሱ አስተማረው። ብቻውን ለሚኖር ወንድ ጨው አትብላ ማለት፣ ጨርሶ አትብላ ማለት ነው። ወጥ መሥራት አያውቅም፤ የሚበላው ምግብ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት ደግሞ ለአንድ በሽተኛ ተብሎ ድስት አይጣድም። ጎረቤቱ ባለሱቁ ዑስማን ደግ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሐሚዳ «ሰውዬው ብቻውን ነው» እያለች ሳህን ከድና ትልክለታለች። ያንን ሳህን መመለስ ነውር ነው። «ጨው ተከልክያለሁ» ማለት ደግሞ ለመዝገቡ ከነውርም ይብስበታል። ስለዚህ ይበላል፤ በልቶም «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ሳህኑን ይመልሳል። የሽንቱ ኪኒን ሥራ ቦታ እያጣደፈ ሲያስቸግረው ተወው። ተው፣ ዋጥ ብሎ የሚቆጣው የለም። ቁጣ የናፈቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መዝገቡ የተናኘወርቅ ቁጣ ናፈቀው። ጫማው አልገባ ሲለው ጫማው በዝናብ የጠበበ መሰለው እንጂ እግሩ ማበጡን አላስተዋለም። እሷ ብትኖር ገና ከደጃፍ ሲገባ ታየው ነበር።

የዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጠ። አንዱ ሮበሌ ነው፤ መዝገቡ ድንጋይ የሚፈነቅልበት መሬት ባለቤት፣ አገሬው የሚያከብረው ገበሬ። ሁለተኛው መኩሪያ ነው፤ ስንት የፈረሰ ትዳር አስታርቄአለሁ ባይ።

«በሽታህንስ እንንገራት?» አለ ሮበሌ።

መኩሪያ ቀደመው። «ምን ነካህ ሮበሌ! በሽተኛ ነው ብለህ ሚስት ትለምናለህ? እሱ ምጽዋት እንጂ ሽምግልና ይባላል? ሽማግሌ የላከውን ሰው ከፍ ያደርጋል እንጂ አያዋርድም።»

«እውነቱን ነው» አለ መዝገቡ። «እንድታስታምመኝ የፈለግኋት እንዳይመስላት። ጤነኛ ነው ብላችሁ ንገሯት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሦስቱም ይህን ተረት ያውቁታል፤ ለሌላ ሰው ሲሆን ሦስቱም ይተርቱታል።

ሽማግሎቹ ላፍቶ ሄደው እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ። ቤቱ ሙሉ ነው አሉ፣ ጤናው የወይፈን ነው አሉ፣ የጎደለው ተናኘወርቅ ብቻ ናት አሉ። መኩሪያ ጭራሽ ጺሙን ይዞ ማለላት። ከዚያ ተመልሰው መዝገቡ ቤት ሲገቡ ግን ፊታቸው አላማረም።

«ምን አለች?» አለ መዝገቡ፣ ከተደገፈው ትራስ ቀና እያለ።

ሮበሌ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «‘በጤናው ያባረረኝ ሰው በጤናው ምን ያደርግልኛል? ወጣት ይፈልግ’ አለች። ‘ወድቆ ቢሆን፣ የሚያነሳው አጥቶ ቢሆን፣ ቂሜን ጥዬ በመጣሁ ነበር። ጤነኛ ከሆነ ግን እዚያው ባለበት ደህና ይሁን’ አለች።»

መዝገቡ የገዛ ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማዋል።

«እንመለስና እውነቱን እንንገራት» አለ ሮበሌ።

«ጺሜን ይዤ ከማልሁ በኋላ?» አለ መኩሪያ። «ከእንግዲህ ላፍቶ ውስጥ ማን ያምነኛል?»

እዚህ ላይ መዝገቡ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። «የመኩሪያ ጺም ይቅርና የእኔ ነፍስ ትትረፍ» ቢል በቂ ነበር። አላለም። ጾሙ ሊገባ ነው፣ ፋሲካ ይለፍና ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ አለ። በሆዱ ያሰበው ግን ሌላ ነው፤ እስከዚያ ትንሽ ሻል ቢለኝ ቆሜ አናግራታለሁ ብሎ ነው። ኩራት በሽተኛ አይምርም። ጾሙን በምግብ ቤት ሽሮና በሐሚዳ ሳህን አሳለፈው፤ ፋሲካ ሲደርስ እብጠቱ ጉልበቱን አልፎ ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሮበሌ በቅሎውን ጭኖ መጣና ደግፎ አወጣው። ጫማ ስላልገባለት በባዶ እግሩ ነው የሄደው። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ደህና ሰው በእግሩ የሚጨርሰው ነው፤ መዝገቡ ግን በቅሎ ላይ ተቀምጦ እንኳ ሁለት ሦስቴ አስቆመ። ሆኖም ልቡ ደስ ብሎታል። የሚናገረውን በአፉ ይለማመዳል። ታምሜአለሁ እላታለሁ፣ አንቺን በድያለሁ እላታለሁ፣ መካኑም እኔ ነበርሁ እላታለሁ። አንዴ ከጀመረ ሁሉንም ሊነግራት ቆርጧል።

ተናኘወርቅ ከግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው።

«ምነው! ምነው መዝገቡ፣ እግርህ ምን ሆነ?»

እሱ ደግሞ መጀመሪያ ያየው ራሷን ነው። ራሷ ላይ ነጭ ቆብ አለ። መንኩሳለች።

በቅሎዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ቆብ አንዴ ከተጫነ አይወርድም፤ ያንን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም። ሮበሌ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«መቼ ነው?» አለ መዝገቡ።

«በጾሙ እኩሌታ። ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ወንድሜ ከሚጨነቅ፣ የትዳር ነገር ይቁረጥ ብዬ ነው። አንተ እንደሆን ጤነኛ ነው፣ ምንም አልጎደለውም አሉኝ።» ሮበሌን ገላመጠችው። «እነዚያ ሽማግሌ ተብዬዎች! እንዲህ ሆነህ ሳለ ምነው ዋሹኝ?»

ሮበሌ አፉን ሊከፍት ሲል መዝገቡ ቀደመው። «እነሱን አትውቀሺ። እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኋቸው።»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ተናዳም ነው፣ አዝናም ነው። አውርደው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡት። የሚበላ ላምጣልህ ስትለው፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ጨው ያልገባበት ካለ» አላት። አልነበረም፤ ምስር ለብቻው ጣደችለት። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ከዚያው ሳህን በላች፤ ለራሷም ጨው አልነሰነሰችም። እያኘከ አያት። ይህ የአንድ ቀን ምሳ በየቀኑ ሊሆን ይችል ነበር፤ ከጥር ጀምሮ የእሱ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለ መካንነቱም ነገራት። «አውቅ ነበር» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በቅሎዋ ቀረበች። መነኩሲት የቀድሞ ባሏን ደጇ ላይ አታሳድርም፤ ተከትላው ሄዳም ቤቱ አትገባም። ወንድሟ ኪኒኑን እንዲያስታውሰው በሳምንት አንዴ እልከዋለሁ አለች፤ በሳምንት አንዴ ምን ያህል እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ሮበሌ ደግፎ ሲያወጣው መዝገቡ እርካቡን ረግጦ ቆም አለ። «ተናኘ» ሊል ነበር፤ ከአፉ መለሰው።

«እማሆይ» አላት። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ለቅሶዬ ቀን ሰው ቤቴ ይመጣል። እግዜር ያጥናሽ የሚላት ሰው አጥቶ መቆሙ ነው። ከቻሉ ይምጡና ይቀመጡልኝ።»

አንቱ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ተናኘወርቅ የተራቆተ እግሩን በሁለት እጇ ይዛ እርካቡ ውስጥ አስተካከለችለት።

«እቀመጣለሁ» አለችው።