የቀንድ እጀታው ምላጭ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ እኔ ምላጭ እሰበስባለሁ። የዛሬውን ስስ ምላጭ አይደለም፤ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች በቆዳ ጠፍር እየሳሉ ጢም የሚላጩበትን፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን። ለቡ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለኝ። ባለቤቴ «ሰው መሬት ይገዛል፣ የኔው ጉድ ዝገት ይገዛል» ትላለች። እውነቷን ነው።

አባቴ መካኒሳ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እሱ በሞተ በዓመቱ ወደ ለቡ ስንዛወር «ምላጩስ?» ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። «ለአጎትህ ሰጠሁት» አለችኝ። ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ነው የሰው ምላጭ መግዛት የጀመርኩት። የአባቴን ከሩቅ ነው የማውቀው፣ ማንንም አያስነካም ነበር። ጥቁር እጀታ፣ ሐረግ የተቀረጸበት። እንዲህ ያለ ደግሞ ስንት አለ!

ቀስ እያልኩ መለየት ተማርኩ። የጋለ መርፌ ሲነካው ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ይህን ከማወቄ በፊት ግን የገዛሁትን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት እፈትግ ነበር። ካላብለጨለጨ አይሆንልኝም።

የእናቴ ዓይን ካለፈው ክረምት ወዲህ ደክሟል። አንድ እሁድ «እስቲ ምላጮችህን አምጣቸው» አለችኝ። አጣጥፌ ጭኗ ላይ ደረደርኩላት።

«አጎትህ ጋ የለም፣ ዋሽቼህ ነው» አለች። «ከመካኒሳ ስንለቅ ከአሮጌ ጣሳ ጋር ለቆራሌው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምላጩ ያለበትን ሳጥን ከፍቼ እንኳ አላየሁም። በገዛ እጄ!» አለቀሰች።

ሐዘንተኛ ጢሙን አሳድጎ አርባው ሲወጣ፣ አባቴ ቤቱ ድረስ ሄዶ በነጻ ይላጨው እንደነበር አውቃለሁ። ያላወቅሁትን እሷ ነገረችኝ። ከለቅሶ ቤት በተመለሰ ቁጥር እጀታው ጀርባ ላይ ለሟቹ በወስፌ አንድ ጭረት ይጭር ነበር። «እንዳልረሳቸው ይላል። እናቴ አለች እዚያ ላይ። በልጅነቱ የሞተው ወንድምህ አለ። ለእሱስ የራሱን ጢም ተላጭቶ ነው የጫረለት።»

አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆየች። «ክብደቱ የሱ ነው። ሐረጉም» አለች። ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ አሸችው። ልሙጥ ነው። «አይ፣ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ።

ወይኔ! መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር፣ ጎፋ፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ። ጀርባው በጭረት ተሞልቶ ነበር። «ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው እንዲህ የቦጫጨረው?» እያልኩ ቅዳሜን ሙሉ ስፈትገው ዋልኩ። ብናኙን እፍ አልኩት።

መናገር ነበረብኝ። «እሱ ነው እማዬ፣ አልጠፋም፣ በቃ አታልቅሺ» ማለት ነበረብኝ። ግን ወንድምህንስ የት አደረስከው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ፈራሁ። «አይዞሽ፣ እፈልገዋለሁ» አልኳት።

አሁን በየቅዳሜው ጎፋ እሄዳለሁ። ጭረት ያለበት እጀታ ሳገኝ ሳልነካካው አመጣላታለሁ። ትዳስሰዋለች፣ «አይደለም» ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ትይዝና «አደከምኩህ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ትለኛለች።